አያ ሰጠኝና የብረት ትምህርት ቤቱ

አባቴ ሰጠኝ ሰውን ማመን አይወድም ነበር። ይህን የምለው እሱን ለማማት አይደለም፤ ራሱም ቢሆን አይክድም። ሰው በሬውን ካደነቀለት ሊሰርቀው ነው፤ ካላደነቀለት ደግሞ ምቀኛ ነው። ጎረቤት ማልዶ መጥቶ «እንዴት አደራችሁ» ሲለው ከመመለሱ በፊት ትንሽ ያስብ ነበር። ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ ጨው የሚገዛው ልሶ ነው። ካህን መስቀል ሲያሳልመው እንኳ በአንድ ዓይኑ የካህኑን እጅ ያያል እያለች እናቴ ወለተሩፋኤል ትስቅበታለች። መንገድ ቀያሾች በእኛ መንደር በኩል ነጭ ጨርቅ ያሰሩባቸው እንጨቶች ተክለው ያለፉ ጊዜ፣ መሬታችንን ሊለኩ፣ ለክተውም ግብር ሊጨምሩብን ነው ብሎ እንጨቶቹን ነቅሎ ገደል ከተታቸው። መንገዱ በሌላ ሸንተረር ዞሮ ሄደ። እስከ ዛሬ ድረስ ማኪና ለመሳፈር ዳገት ወጥተን ነው።

ይህ ጠባይ ግን አብሮት የተወለደ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ ታላቅ ወንድሙ በዱር በገደሉ ከነበሩት አንዱ ነበር። አንድ ቀን እናቱን ሊያይ ብሎ መንደር ሲገባ ሰው ጠቆመበት፤ ይዘው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የጠቆመው ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ያን ቀን ቤት ውስጥ ጠላ ሲጠጡ ከነበሩት አንዱ መሆኑ ብቻ ነው የታወቀው። ቢታወቅ ኖሮ አባቴ አንድ ሰው ጠልቶ ይኖር ነበር፤ ስላልታወቀ ሁሉንም እኩል ጠረጠረ። እኔ ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ግን በጣም ያናድደኝ ነበር።

ወንድሜን ዋኘውን ትምህርት ቤት ያስገባውም ይኸው ጥርጣሬው ነው። ከአጎቶቹ ልጆች ጋር የርስት ክርክር ነበረበት። ጎንደር ፍርድ ቤት ሲመላለስ ጸሐፊው የሚያነብለት ነገር ሁሉ የተጻፈው መሆኑን አያምንም። «የተጻፈው ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ ቢሆን በምን አውቃለሁ?» ይል ነበር። ስለዚህ የራሱ አንባቢ አስፈለገው። ዋኘውን ከከብቶቹ ነጥሎ ጎንደር ዘመድ ቤት አስቀመጠው። ልጁ ፊደል ሲጀምር ትልቅ ስለነበር፣ ፂሙ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ገና ከእሱ ቁመት ግማሽ ከሆኑ ሕፃናት ጋር ይማር ነበር። አባቴ በዚህ አላፈረም። የልጁን ዳኝነት፣ ካልሆነም ጸሐፊነቱን፣ ካልሆነም ጠበቃነቱን እየጠበቀ ስንቅ ይልካል። ርስቱም የልጁ፣ ክርክሩም የልጁ ነው።

ዋኘው ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያው ዓመት የትምህርቱ ደንብ ተለወጠ ተባለ። እንደ እሱ ዘግይተው የጀመሩ ጎረምሶች ከእንግዲህ ጽሕፈትና ሒሳብ ብቻ ተምረው አይወጡም፤ የእጅ ሥራ የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ምግቡም ማደሪያውም ከመንግሥት ነው ተባለ። ዋኘው ለመስቀል መጥቶ ሲነግረን ደስ ብሎት ነበር። አባቴ «ምግቡም ከመንግሥት ነው» የሚለውን ቃል ይዞ ቀረ።

«ምነው ቢባል ነው መንግሥት የኔን ልጅ የሚያበላ?»

«ለአገር ልማት ነው፣ አባባ።»

«ከብት የሚቀለበው ለምንድን ነው?»

ዋኘው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ወታደር አድርገው ኮንጎ ሊልኩት እንደሆነ ጠየቀው፤ ሃይማኖቱን ሊያስለውጡት እንደሆነ ጠየቀው። ዋኘው አይደለም አለ። «የምትማረው ሙያ ምንድን ነው?» ሲለው ግን «ብዙ ዓይነት አለ፤ እንጨት አለ፣ ግንባታ አለ፣ እርሻ አለ» ብሎ ዘረዘረ እንጂ የራሱን አልተናገረም። አባቴ ሰው ያልተናገረውን ለመስማት የተፈጠረ ሰው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ነጋዴ ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ «አያ ሰጠኝ፣ ልጅኸን ጎንደር አየሁት፣ እሳት ዳር ቆሞ» ሲለው የጠበቀውን ያህል አልደነገጠም።

ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ያስደነግጣል ሊባል ይችላል። በእኛ አገር ብረት የሚመታ ሰው እንደ ሰው አይታይም ነበር። ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት የወለቃና የየመንደሩ ቤተ እስራኤሎች ናቸው፤ ያኔ ይጠሩበት የነበረውን ስም እኔ አልደግመውም። ማረሻችን ከእነሱ ነው፣ ማጭዳችን ከእነሱ ነው፣ ድስታችን ከእነሱ ነው። ገበያ ላይ ተሳስቀን ከእነሱ እንገዛለን፤ ዞር ስንል ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እንላለን። ይህን ሳያፍር የሚያወራ ሰው ዛሬም አለ።

አባቴ ጎንደር ሊወርድ ሲነሣ ስንቅ የምሸከምለት እኔ ነበርሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ስሙን ሲጠይቀው የአጎቱን ልጅ ስም ሰጠ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ይገባኛል።

ዲሬክተሩ አቶ ማሩ የሚባል ወጣት የሸዋ ሰው ነበር። ወንበር አቀረበልን። አባቴ ወንበሩን ነካ ነካ አድርጎ አየና ቆመ።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለው አቶ ማሩ። «ልጅዎ ጎበዝ ነው። ልንገርዎት። ስምንተኛ ክፍል ተፈትነው የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ጎረምሶች ወደ እርሻው አይመለሱ፣ ቢሮ አይገቡ፤ ከተማ ለከተማ ሲዞሩ ይቀራሉ። አሁን ደንቡ ተለውጧል። ከፍ ያለ ልጅ ሁሉ ከፊደሉ ጋር አንድ ሙያ ይዞ ይወጣል።»

«ሸጋ ነው» አለ አባቴ። «የመኳንንቱ ልጆችስ የቱን ሙያ ያዙ?»

«እነሱ አዲስ አበባ ነው የሚማሩት።»

«አዲስ አበባ ብረት የለም?»

አቶ ማሩ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለ። ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ፊቱ ላይ ይታያል። አባቴን ስወቅሰው በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህቺን ጥያቄውን አልወቅስበትም። ዛሬም ቢሆን ትክክለኛ ጥያቄ ናት።

ከዚያ ወደ ብረት ቤቱ ወሰዱን። ዋኘው ሸሚዙን ጠቅልሎ እሳት ፊት ቆሟል። የጋለ ብረት በጉጠት ይዞ ይመታል፤ ከጎኑ የሚያስተምረው ሰውዬ በእጁ እያመለከተ ያርመዋል። ወንድሜን እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ፊደል ሲማር ያ ሁሉ ዓመት አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እዚህ ቀና ብሏል። እኛን ሲያይ ግን መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

አስተማሪው ዞር አለ። አባቴ አወቀው፤ እኔም አወቅሁት። የወለቃው አላምረው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ማረሻ የምንገዛው ከእሱ ነው። አሁን ካኪ ለብሶ፣ ደረቱ ኪስ ላይ እርሳስ ሰክቶ አስተማሪ ሆኗል።

«አያ ሰጠኝ፣ እንደምን ዋሉ» አለ አላምረው ጎንበስ ብሎ። «የሰሞኑ ማረሻ እንዴት ሆነልዎ?»

«ሸጋ ነው» አለ አባቴ። ከአፉ አምልጦት ነው። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። ዋኘው የሠራውን የበር ማጠፊያ ከመደርደሪያ አውርዶ ዘረጋለት። ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፅ የለውም። አባቴ እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም። «እናኑ፣ ተቀበይው» አለኝ። ተቀበልሁት። ከባድና ለስላሳ ነበር። እኔ ወደድሁት፤ ወደድሁት ለማለት ግን አልደፈርሁም።

ስንመለስ አባቴ በወለቃ በኩል እንዳለፍን ድንገት ተናገረ። ነገሩን ፈትቶታል። ብረት የሚመታ ሰው በእኛ አገር ርስት የለውም፤ መሬት ተከራይቶ ያርሳል እንጂ አይወርስም። ስለዚህ መንግሥት የገበሬውን ልጅ ሁሉ ብረት መቺ ካደረገው፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ በአገሩ ርስተኛ የሚባል አይኖርም። መሬቱ ለማን ይሆናል? ለመኳንንቱ። ልጆቻቸው ብረት የማይመቱት ለዚህ ነው። «አየሽ ልጄ፣ ቀላድ ጥለው መሬት ሊለኩ ቢመጡ እንደምንገድላቸው ያውቃሉ» አለኝ። «ስለዚህ በልጅ በኩል መጡብን።»

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አመንሁት። አባቴ ሲጠረጥር ነገሩን እንደ ጥሩ ድር እያያዘ ነው፤ ክሩ የሚበጠስበት ቦታ አይገኝም።

ጎረቤት ቤት የሚካኤል ማኅበር የወጣ ዕለት አባቴ ጠላው በእጁ እያለ ተነሥቶ ቆመ። ሐሳቡ ሽማግሌዎቹን አስነሥቶ አገረ ገዥው ደጅ ድረስ መሄድ ነው፤ ትምህርቱ የፊደል ብቻ ይሁንልን ብሎ ማስጮህ ነው። ሽማግሌ ደግሞ በቀላሉ አይነሣም። ስለዚህ አባቴ ነገሩን ከፍ አደረገው።

«ስሙኝ» አለ። «ልጄ ዋኘው ወናፍ ነፍቷል። ብረት መትቷል። እሳቱ አጠገብ አቁመውት በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይኑ ተለውጧል። ሳየው የኔን ልጅ ዓይን አላገኘሁበትም። ዛሬ በኔ ነው፤ ነገ በናንተ ልጅ ነው።»

እኔ ዳቦ የያዘ ሞሰብ ተሸክሜ ቆሜ ነበር። የዋኘው ዓይን እንዳልተለወጠ አውቃለሁ፤ እዚያው ነበርሁ። አባቴም ያውቃል። ሰዎቹ እንዲነሡለት ብሎ ነው። ሰዎቹም ተነሡ፤ በማግስቱ ተሰብስበው ጎንደር ወርደው ደጅ ጠኑ፤ አቤቱታችሁ ይታያል ተብለው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን እያንዳንዳቸው ቤታቸው ገብተው ለሚስቶቻቸው የሰሙትን አውርተዋል። የተወራው የርስቱ ነገር አልነበረም።

አቤቱታው ይታያል ተብሎ ሳይታይ ሲቀር አባቴ ራሱ ሄዶ ዋኘውን ከትምህርት ቤቱ አወጣው። ዋኘው አልተከራከረም። በእኛ ዘመን አባት ና ካለ መምጣት ነው። እኔን ለብቻዬ «ሰርጉ ይለፍና እመለሳለሁ፤ አቶ ማሩ ቦታህን አልሰጥም ብሎኛል» አለኝ።

ሰርጉ ከአባ ወልደኢየሱስ ልጅ ከአምሳል ጋር ነው። አባ ወልደኢየሱስ የደብራችን ቄስ፣ የአባቴም የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አባቴ ከጠረጠራቸው ሰዎች ሁሉ በጥቂቱ የጠረጠረው እሱን ነው። አምሳል ለዋኘው ከታጨች ቆይታለች። ቀኑም ከጥምቀት በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር። ዋኘው ስለ እሷ ብዙ አያወራም፤ ግን ወንዝ ሲወርድ በማን ደጅ በኩል ዞሮ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

ዋኘው ከተመለሰ ጀምሮ መንደሩ ተለወጠብን። ማንም ምንም አይለንም። ሴቶች እሱ ሲያልፍ ሕፃናቱን ወደ ቀሚሳቸው ያስጠጋሉ። አንዷ ላም ስታልብ ከደረሰባት ወተቱን ትታ ትገባለች። እሱ ሰላምታ ሲሰጥ ይመልሱለታል፤ ሲመልሱለት መሬት ያያሉ። አባቴ ይህን ሁሉ አየ፤ ሌላው ሰው ሲጠረጥር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። አንድ ቀን ማረሻው ሲጣመምበት ዋኘው ጓሮ ምድጃ አበጅቶ አቃናለት። አባቴ ማረሻውን ገልብጦ አየው፣ አረሰበት፣ ሸጋ ሆኖ አገኘው። ጎረቤት ሲጠይቀው ግን «አዲስ ነው፣ ከገበያ ገዛሁት» አለ። ከማን ገዛኸው ያለው የለም። ከወለቃ ሰው ከሆነ ምንም አይደለም፤ ከልጁ ከሆነ ነው ጉዱ። ይህንን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በኅዳር አምሳል ለአጨዳ ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ወረደች፣ አክስቷ ዘንድ። ስትመለስ ታመመች። አንዴ ይንቀጠቀጣታል፣ አንዴ እንደ ምድጃ ትግላለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ማንኛዋም ባልቴት «ንዳድ ነው፣ ከቆላ ይዛው ወጣች» ትል ነበር፤ ደንቢያ በመኸር የወረደን ደገኛ ሁሉ የሚይዘው የወባ በሽታ ነው። አሁን ግን ሁሉም ሌላ ነገር እየጠበቀ ነበር። የእናቷ ወገኖች ጨርቅ ለኩሰው አጠኗት። ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ይዘው «ማነው የያዘሽ? ከየት አገኘሽ? ተናገር» እያሉ ጠየቋት። በእንዲህ ያለ ጊዜ የበላት ሰው በእሷ አፍ ሆኖ ይናገራል፣ ስሙንም ይሰጣል ይባላል። አምሳል በጭሱ እየታፈነች፣ በትኩሳቱ እየቃዠች አንድ ስም ጠራች። ዋኘው አለች።

በትኩሳት የተያዘች ልጃገረድ የእጮኛዋን ስም ብትጠራ ምን ይገርማል? ሌላ የማንን ስም ትጠራ ኖሯል? ይህን ያን ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ ሰዎች ደጃችን መጡ። የአምሳል አጎት የሻው ፊት ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለውታል፤ አባ ወልደኢየሱስ ከሁሉም ኋላ መስቀሉን ጨብጦ ቆሟል። የሻው ብዙ አላወራም። የዋኘው ልብስ ቁራጭ ይሰጠን አለ። በእሱ ጨርቅ ከታጠነች ይለቃታል።

አባቴ መሐል በሩ ላይ ቆመ። «ልጄ ቡዳ አይደለም።»

«እኛ አላልንም አያ ሰጠኝ፤ እሷ ናት ያለች።»

«ገበሬ ነው። ከኔ ነው የተወለደ፤ አጥንቱን ታውቁታላችሁ። ጨርቅ አልሰጥም። ከሰጠሁ አመንሁ ማለት ነው።» ወደ ኋላ አሻቅቦ ቄሱን አየ። «አባ፣ አንተስ? ምነው ዝም ትላለኸ?»

«እኔ ጠበል ነው ያልሁ» አለ አባ ወልደኢየሱስ። ድምፁ በቅጡ አይሰማም። «አልሰሙኝም። ልጄ እየሞተችብኝ ነው፣ ሰጠኝ።»

የሻው ቁጣ የለበትም፤ የሚያዝንለት ነበር የሚመስለው። «አያ ሰጠኝ፣ እኛ ከየት እናውቃለን?» አለ። «ዓይኑ ተለውጧል ያልኸን አንተ ነኸ። በሚካኤል ማኅበር ፊት፣ ጠላው በእጅኸ እያለ። አባቱ ካየው እኛ ማን ነን?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ለርስቱ ነው ያልሁት አላለም፤ ዋሽቻለሁም አላለም። የበሩን መቃን እንደያዘ ቀረ። ጠላሁት፤ ወዲያውም አሳዘነኝ። ሁለቱንም ባንድ ላይ እንዴት እንደቻልሁ አላውቅም።

ዋኘው ከውስጥ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል። የለበሰውን ኩታ ጫፍ በጥርሱ ይዞ ቀደደና ለየሻው ዘረጋለት።

«ውሰዱት» አለ። «ግን ንዳድ ነው። ጎንደር ሐኪም ቤት መድኃኒት አለው፤ ጓደኛዬ ተይዞ ድኗል። ጨርቁን አጭሱ፣ እሷንም ውሰዱ። ሁለቱንም አድርጉ።»

የሻው ጨርቁን በእጁ አልነካውም፤ በእንጨት ጫፍ ተቀበለው። አባ ወልደኢየሱስ ግን ዋኘው ያለውን ሰማ። ልጁን በጨርቁ ካጠኗት በኋላ ቃሬዛ አስነሥቶ ጎንደር ወሰዳት። ሐኪም ቤት ተኛች፤ መድኃኒት ዋጠች። ታኅሣሥ ሲገባ በእግሯ ተመለሰች።

በዚህ ደስ ብሎኝ እናቴን አቅፌ አለቀስሁ። ሞኝ ነበርሁ። አምሳል መዳኗ ለመንደሩ ምስክር ሆነ። ጨርቁ ተጨሰ፣ ልጅቱ ዳነች፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? መድኃኒቱን ያነሣ የለም። አንዱ እንኳ «ጨርቁ ባይቀድምላት መድኃኒቱ የት ይሠራላት ነበር» ሲል ሰምቻለሁ። ብትሞት ኖሮ ዋኘውን ይገድሉት ነበር፤ ስለዳነች ቡዳነቱን አጸደቁለት። አባ ወልደኢየሱስ ሽማግሌ ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ። ራሱ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ አባቴን መስቀል ሲያሳልመው ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

እናቴ በየቀኑ «ሐኪሙ ነው ያዳናት» ትላለች። አባቴ እሺ ይላል። ሐኪሙ ነው፤ ንዳድ ነው፤ ወሬው የራሱ ወሬ ነው። ይህን ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ግን በሬዎቹን ፈትቶ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ጨርቁስ?» አለ ለብቻው።

እናቴ «ምን አልህ?» አለችው።

«ምንም።»

እኔ ሰምቻለሁ። ሁለታችንም ሰምተናል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። ቀትር ነበር። አባቴ ምሳ ቀርቦለት ብቻውን ይበላል፤ እኔ ውሃ ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ዋኘው ቀንበር ተሸክሞ ከእርሻ መጣና በሩ ላይ ጥላው ወደቀ። አባቴ ቀና አለ። ቀና ሲል ግራ እጁ ጋቢውን ስቦ ገበታውን ሸፈነው።

ማሰቡ አይደለም። እጁ ነው ያደረገው። ሰው እሾህ ሲወጋው እግሩን እንደሚያነሣ፣ እንዲሁ። ከዚያ እጁን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለው። ዋኘው ቀንበሩን ከትከሻው አላወረደም።

«ብላ አባባ» አለ። «እኔ ውጭ ነኝ።»

«ኧረ ግባ» አለ አባቴ። «ዝንብ ነው። ዝንቡን ብዬ ነው የሸፈንሁት።»

በታኅሣሥ ብርድ፣ በእኛ ደጋ፣ ዝንብ የለም። ዋኘው ቀንበሩን ግድግዳ ላይ አስደገፈና ወጣ። አባቴ ጋቢውን ከገበታው ላይ ገፈፈ፣ ግን አንዲት ጉርሻ አልጨመረም። ለምን ጮክ ብዬ እንዳልተቆጣሁት ራሴን አልጠይቅም፤ ፊቱን ያየ ሰው ሊቆጣው አይችልም ነበር።

ዋኘው በማግስቱ ጎንደር ሄደ። አቶ ማሩ ቦታውን ጠብቆለት ነበር። ሥልጠናውን ጨርሶ ከአላምረው ጋር መጀመሪያ ላይ አብሮ ሠራ፤ ቆይቶ የራሱን ቤት ከፈተ። የዚያን ዘመን የጎንደር አዳዲስ ቤቶች በርና መስኮት ብዙው የሱ ሥራ ነው። በሱ ቤት ውስጥ የሚሠለጥኑ ጎረምሶችም በዙለት። ሲሠለጥኑ ከየትኛው መንደር መጡ ብሎ አይጠይቅም። አግብቶ ወለደ፤ ሚስቱ የሩቅ አገር ሰው ናት።

አባቴን አልተወውም። በበዓል ይመጣል፣ ልብስ ያመጣለታል፣ የርስቱን ክርክር ወረቀት እያነበበለት ጎንደር ደጅ ይጠናለታል፤ ክርክሩንም አባቴ በመጨረሻው ረታ። ዋኘው ግን ምግብ ሰዓት ላይ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ከደረሰበትም ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አባቴ እናቴን ምሳ አዘግይ ይላታል፣ አንዳንዴ ጨርሶ አይበላም፤ በር ላይ ወጥቶ «ምነው አትገባም?» ይለዋል። ዋኘውም «መጣሁ፣ አባባ» ይላል። ገበታው ሲነሣ ይገባል። ይቅር በለኝ የሚል ቃል ከአባቴ አፍ አልወጣም። ሊለው ፈልጎ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ደጋግሞ እስከ በሩ ይመጣ ነበርና።

አባቴ ሲሞት ተዝካሩን ያወጣው ዋኘው ነው። በሬው ከእሱ፣ ጌሾው ከእሱ፣ ዳሱን የጣለው እሱ። አገሩ ሁሉ መጣ፤ የሻውም መጣ፣ አርጅቶ በምርኩዝ የሚሄደው አባ ወልደኢየሱስም መጣ። ዋኘው የዳሱ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲያስገባ ዋለ። «ግባና ብላ እንጂ» ይሉታል፤ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ኋላ» ይላቸዋል። ሁሉም እጁን ታጥቦ ከወጣ በኋላ ገባ። ዳሱን ዙሪያውን አየ። የሚበላ ሰው አለመኖሩን አይቶ ተቀመጠ።